ፎጣ ይዤ የቆምኩበት ቦታ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ «አይጥ አስዋኛለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስዋኘሁት እኔ ነኝ፤ ከሳቁብኝ ውስጥ አንድም ሰው አይጥ በእጁ ይዞ አያውቅም።

ገንዳው ያለው በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ክብ ነው፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ። ውሃው ለብ ያለ ሲሆን ነጭ ቀለም ስለምንበጠብጥበት ወተት ይመስላል። ከውሃው ሥር፣ ጣት በማይሞላ ጥልቀት፣ የሳህን ስፋት ያላት መቆሚያ ተደብቃለች። አይጡ አያያትም። ግድግዳዎቹ ላይ ግን ትልልቅ ምስሎች ለጥፈናል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀለኛ፣ ባለ መስመር ሰሌዳ። ጤነኛ አይጥ ሁለት ሦስት ቀን ከዋኘ በኋላ መቆሚያዋ በሦስት ማዕዘኑና በክቡ መካከል መሆኗን ይለይና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጭንቅላቱ የተመታ አይጥ ይዞራል፣ ይዞራል፣ የተሰጠው አንድ ደቂቃ ያልቅበታል። የእኔ ሥራ አይጡን ማስገባት፣ ሰዓት መያዝ፣ ሲጨርስ አውጥቶ ማድረቅ ነው። ፎጣዬን ማሞቂያው ላይ ሰቅዬ አሞቀዋለሁ። ይህ በመመሪያው ላይ የለም። ብርድ የመታው አይጥ ውጤት ያበላሻል ብዬ ነው እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ነበር አልልም። ከስድስት ወር በፊት ጋራዥ ግቢ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ የአውቶቡሱን የጎን መስታወት ይወለውል ነበር። እጥበት የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ግን የሌላ ሰው አወላወል ዓይኑን አይሞላውም። ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ። አራት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ሲነቃ እኔን አወቀ፣ ልጃችንን አወቀ፣ የመስመሩን ሠላሳ አራት ፌርማታ አንድም ሳያዛንፍ በቃሉ ወረደው። እልል ልንል ስንል «ለመሆኑ ቁርስ በልቻለሁ?» አለ። በልቶ ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ያንኑ ጠየቀ።

የቆየው ሁሉ አለ፤ አልገባ ያለው አዲሱ ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱም ማስታወስን ከሚመረምር ሐኪም ወረቀት ሳያመጣ መሪ አይጨብጥም ብሎ ቁርጡን ነገረን። ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው። መርማሪው አሥር ቃል ያነባል፣ ሌላ ወሬ ያወራል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቃላቱን መልሱልኝ ይላል። ስምንት ያመጣ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን እኔ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ባሌ ሁለት አመጣ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። እሱ አያውቀውም። እኔ ግን አያለሁ።

አለቃዬ ዶክተሯ ናት። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እርሳስ ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት። እሷ የምታጠናው በሕዋስ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ነው። ስሙ ምላስ ያስራል፤ እኔ ጠጋኙ ነው የምለው። ጥናቱ የተጀመረው ባሌ በወደቀ በሁለተኛው ወር ስለነበር ያኔ ጆሮዬ ቆመ።

«ዶክተር፣ እንደሚገባኝ አድርገሽ አስረጂኝ እስቲ» አልኳት።

«እሺ እትዬ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ረጅም ክር አለ። ጭንቅላት ሲመታ ክሩ ይበጣጠሳል። ጠጋኙ ሮጦ ይመጣና ይጠግናል፤ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ግን ምቱ ሲበረታ ጠጋኙ ልክ ያጣል። አላርፍ ብሎ ሲጠግን ሲጠግን የሕዋሱን ነዳጅ ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል። ክሩ ተጠግኖ ሕዋሱ ይሞታል።»

«ታዲያ አደብ አታስይዥውም?»

«እሱን ነው የምሞክረው። ችግሩ፣ ስንት ያህል?»

«ለባሌስ አይሆንም?»

እርሳሷን ከፀጉሯ ነቀለች። «አይሆንም እትዬ። መድኃኒቱ ገና ለሰው አልደረሰም። ቢደርስም መሰጠት ያለበት በተመታበት ሰዓት ነው። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሆዴ ባባ፤ ግን ስላልዋሸችኝ ወደድኳት። እንግዲህ ጭንቅላታቸው የተመታ ስልሳ አይጦች በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ ጅራታቸው ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ተቀባ። አንዱ ቡድን ምንም መድኃኒት አላገኘም። አንዱ ጠጋኙን በግማሽ የሚያለዝብ አገኘ። አንዱ ደግሞ ፈጽሞ የሚያስቆም። የትኛው ቀለም የትኛው እንደሆነ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተጽፎ ካዝና ገባ። እኔ እንዳላዳላ ነው አሉ። እኔ? በሕይወቴ ለማንም አዳልቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ወር ባሌ ለሁለተኛ ፈተና ተጠራ። አሁንስ ኮሪደር ላይ አልቀመጥም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከትዬው ገባሁና ከመርማሪው ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። መርማሪው መነጽሩን እስከ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አየኝ።

«አንድም ቃል እንዳይተነፍሱ።»

«ምን ቆርጦኝ!»

አልተነፈስኩም። ባሌ ዘጠኝ አመጣ። ዘጠኝ! ከሁለት ወደ ዘጠኝ! መርማሪው ራሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና «በጣም ጥሩ ነው። ደንቡ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ነው የሚለው፤ በሚቀጥለው ወር ከስምንት ካላነሰ እፈርማለሁ» አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ለጎረቤቱም፣ ለባለ ሱቁም፣ ለማላውቃት ሴትዮ ጭምር ተናገርኩ። ባሌ ብዙ አላወራም። ተደንቆ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ገንዳው ዘንድም ነገሩ ሰምሮ ነበር። አረንጓዴዎቹ ጉድ አደረጉን። ውሃው ውስጥ ስለቃቸው አፍንጫቸውን ቀና አድርገው፣ ቀጥ ብለው፣ በሰባት በስምንት ሰከንድ መቆሚያዋ ላይ ቁጭ። ቀዮቹ ይንከራተታሉ። ሰማያዊዎቹም እንደዚያው። ዶክተሯ ከላይ ካለው ካሜራ የሚወርደውን መስመር በስክሪን እያየች ታፏጫለች። ለጉባኤ የምታቀርበውን ጽሑፍ ጀምራለች፤ «የእትዬ ስም ከሥር ይጻፋል» ብላኛለች። የልብ ልብ ተሰማኝ። ለአንዱ አረንጓዴ በሹክሹክታ «አይዞህ የኔ አንበሳ» ብዬዋለሁ። ያዳላሁ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጣሪያው ቧንቧ ሁልጊዜ በምቆምበት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ጭንቅላቴ ከሚርስ ብዬ ከገንዳው ማዶ፣ ከመስቀለኛው ሥር ዞሬ ቆምኩ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የመጀመሪያውን አረንጓዴ ለቀቅኩት። አይጡ አንድ ጊዜ ዞረ። ቀና አለ። ከዚያ መቆሚያዋን ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። የገንዳው ጠርዝ ሥር ደርሶ ግድግዳውን በእጆቹ እየቧጠጠ ሽቅብ አየኝ።

«ምን ነካህ? እዚያ ነው እንጂ!» አልኩት።

ሁለተኛውም መጣ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። እነዚህ አይጦች ሦስት ማዕዘኑንም ክቡንም አላጠኑም። ያጠኑት እኔን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከመቆሚያዋ በስተጀርባ፣ ያችው ቦታ ላይ፣ የሞቀ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ወደ ሴትዮዋ ዋኝ፣ መቆሚያዋ መንገድ ላይ ናት፣ ከዚያ ሙቀት አለ። የአይጥ ሞኝ የለም።

ዶክተሯ ከላይ ቢሮዋ ነበረች። ካሜራው የሚያየው ውሃውን እንጂ እኔን አይደለም። ቧንቧው እስኪጠገን ዝናብ ልብስ ለብሼ የድሮ ቦታዬ ብቆም ማንም አያውቅም፤ ይህን አላሰብኩም ብል ውሸቴን ነው። ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። በሦስተኛው ገባሁና እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ አንድ በአንድ ተናዘዝኩ።

ዶክተሯ አብራኝ ወርዳ በዓይኗ አየች። ከዚያ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ሦስት ወር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ወር፣ እትዬ! ፎጣ ማሞቅ ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ይበርዳቸዋል ብዬ ነው።» ይኸው በመጨረሻ እውነቱ ወጣ።

ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለች። «ቆይ፣ ቆይ። ቀዮቹን ከዚህ ሆነው ሞክረዋቸዋል?»

ሞከርናቸው። ቀዮቹ ወደ መቆሚያዋም ወደ እኔም አልመጡም፤ መዞር ብቻ። ሰማያዊዎቹም የትም ብቆም ደንታ አልሰጣቸውም። ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «እርስዎን እንኳ ያስታወሱት አረንጓዴዎቹ ብቻ ናቸው! የተሳሳተ ነገር ነው የተማሩት፤ ግን ተምረዋል!» አለች። በዚያው ቀን በገንዳው ዙሪያ ከጣሪያ እስከ ወለል ነጭ መጋረጃ አሰቀለች። ምስሎቹን ወደ ውስጥ አስገባን፣ መቆሚያዋን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርን፣ እኔን ከመጋረጃው ውጭ አወጣችኝ። አይጡ የሚገባው በረጅም እጀታ ባለው መረብ ሆነ። ጥናቱ ለአሥር ቀን እንደ አዲስ ተጀመረ።

ማታ ቤት ገብቼ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከራት በፊት እንደ ልማዳችን አሥር ቃል አነበብኩለት፤ ከራት በኋላ ሳህኑን እያነሳሳሁ «በል እስቲ» አልኩት።

«ሎሚ» አለ። «ደወል። ምንጣፍ።» ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሏል። «መርፌ…»

ሳህኖቹን ይዤ ዞርኩና ቧንቧውን ከፈትኩ። «እሺ፣ ቀጥል።»

ጀርባዬን ሰጥቼው ሁለት ሳህን አጠብኩ። ዝም።

«ምነው?»

«ፊትሽን ወደዚህ መልሺ እንጂ» አለ።

«ለምን?»

«እዚያ ላይ ነዋ የተጻፈው።»

ቧንቧውን ዘጋሁት። እጄ አረፋ እንደያዘ ዞርኩ። ባሌ እንደ ሕፃን አንገቱን ሰብሮ ወጥ የፈሰሰበትን የጠረጴዛ ልብስ ይነካካል።

«ሎሚ ሲሆን አፍሽ ይኮማተራል» አለ። «ደወል ሲሆን ጆሮሽን ትነኪያለሽ። ምንጣፍ ሲሆን ወለሉን ታያለሽ። መርፌ ጊዜ ጣትሽን እሽት እሽት።»

«መርማሪው ጋርም?»

«እዚያማ የባሰ ነው።»

«አውቀህ ነው?»

«መጀመሪያ አልነቃሁም። ራሴ የማስታውስ መስሎኝ ነበር። በኋላ፣ ወደ አምስተኛው ቃል ላይ ነቃሁ።»

«ነቅተህ ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ!» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ቀነሰ። «ደግሞ ፈራሁ። መሪው ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ? ቁርስ በላሁ አልበላሁ እያልኩ የማስቸግርሽ ሰውዬ ነኝ።»

ተናደድኩ። በሱም፣ በራሴም፣ በፊቴም ተናደድኩ። «ስልሳ ሰው ጭነህ የኔን ፊት መስታወቱ ላይ ልትሰቅለው ነበር?» አልኩት። ይህን ስል ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እሱ ቀና ብሎ አየኝና የአፉ ዳር ዳር መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ቀጥሎ እኔ። እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ በአረፋ እጄ ፊቴን ጠርጌ ዓይኔን አቃጠልኩት። ያን ቀን ጠዋት አይጦቹ ላይ ያየሁት ነገር ቤቴም ውስጥ እንዳለ እስከ ማታ አለማየቴን አስቤ አፈርኩ።

አሥሩ ቀን ሲያልቅ ዶክተሯ ፖስታውን ከካዝናው አውጥታ ፊት ለፊቴ ቀደደችው። ቀዮቹ መድኃኒት ያላገኙት ናቸው። አረንጓዴዎቹ ግማሽ ያገኙት። ሰማያዊዎቹ ጠጋኙ ፈጽሞ የቆመባቸው። ከመጋረጃው ውስጥ አረንጓዴዎቹ እንደበፊቱ በሰባት ሰከንድ አልደረሱም፤ ሃያ ይፈጅባቸው ነበር፣ አንዳንዱም ይሳሳታል። ቢሆንም ከቀዮቹ በግልጽ ይበልጣሉ። የሚገርመው ሰማያዊዎቹ ናቸው፤ ከሁሉም አንሰው ተገኙ።

«ለካ ጠጋኙ ለማስታወስም ያስፈልግ ኖሯል» አለች ዶክተሯ። «ሙሉ በሙሉ ሲለቁት ሕዋሱን ያደክማል። ሙሉ በሙሉ ሲያስሩት ደግሞ አዲስ ነገር አይያዝም።» ከዚያ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችኝ። «በእኛ ገንዳ ነው፣ በእኛ ስልሳ አይጥ። ለጎረቤት እንዳያወሩ!»

ለጎረቤት አላወራሁም። ለባሌ ግን አወራሁ። አገጩን እያሻሸ አዳመጠኝና «ለካስ ጠጋኙ አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ?»

«ቁርስ በላሁ ወይ ሳልል መልሱን ትነግሪኛለሽ። ጫማዬን ሳልፈልግ ታመጫለሽ። አንድ ነገር ለማስታወስ ልነሳ ስል አንቺ ቀድመሽ ደርሰሻል። ነዳጄን ጨረስሽው እኮ!»

«እንግዲያው ልተውህ?»

«ኧረ በስመአብ! እሱማ ሰማያዊ መሆን ነው። ግማሽ ብቻ ይበቃኛል። ሐሙስ እስከ በሩ ድረስ ትሸኚኛለሽ፣ አትገቢም።»

ሐሙስ ማለት ሦስተኛው ፈተና ነው። ይህኛው ቢያልፍ መሪ፣ ባያልፍ ሌላ ሦስት ወር ሶፋ። መንገድ ላይ የትኛው ፌርማታ እንደምንወርድ አልነገርኩትም፤ ምላሴን ነክሼ። አንድ ፌርማታ አልፈን ወረድን፤ ተመልሰን በእግራችን ሄድን። ባሌ እየተሳደበ፣ እኔ እየሳቅኩ።

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩ፤ ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎችም። መቀመጥ አቃተኝ። በሩ ላይ ጆሮዬን መለጠፍ አማረኝ፤ አላደረግኩትም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ከታች የቆመ አውቶቡስ እያየሁ መቶ ቆጠርኩ፤ ከመቶ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። መሪውን እንዲይዝ ከልቤ ተመኘሁ። በሐሰት እንዳይይዘው ደግሞ ፈራሁ። ሁለቱም እኩል ጨነቁኝ።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ወጣ። በእጁ ወረቀት ይዟል። ፊቱን አይቼ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ምንም አላነበብኩበትም። የሱ ፊት እንደኔ ወሬኛ አይደለም።

«ስንት?»

«አምስት።»

ስምንት አይደለም። መሪ የለም።

«አምስት እኮ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ዞሩ። «ከሁለት አምስት! የነካሽበት የለም፣ አንድም! ሁሉም የራሴ ናቸው። መርማሪው ምን አለኝ መሰለሽ? ያ ዘጠኝ ጥርጣሬ አሳድሮበት ነበር፤ በዚህኛው ግን ጨበጠኝ። በሦስት ወር ተመለስ፣ ፈጥነህ ነው የምትሻለው አለኝ።»

«አመልህን አውቃለሁ፤ ልታጽናናኝ ነው።»

«አታምኚኝም? በይ ዞር በይ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ዞር በይ አልኩሽ! ወደ ግድግዳው።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደተቀጣች ልጅ ግድግዳ ላይ ፊቴን አስጠግቼ ቆምኩ። ከጀርባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብርጭቆ» አለ። «መንገድ። ጥጥ።» ቆም አለ። እኔ ቃላቱን አላውቃቸውም፤ ልረዳው ብል እንኳ አልችልም። «ዓሣ። መጋዝ።» እነዚህ አምስቱ ናቸው። ልዞር ስል «ቆይ!» አለ። ኮሪደሩ ላይ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ።

«እርግብ!» አለ። ወዲያው የመርማሪውን በር ሲያንኳኳ ሰማሁ። «ዶክተር! ዶክተር! እርግብም ነበር አይደል?»

በሩ ተከፈተ። «ነበር» አለ መርማሪው። «ግን ሰዓቱ አልፏል፤ ልጽፈው አልችልም።»

«አይጻፉት!» አለ ባሌ። «እሷ ከሰማች ይበቃኛል።»

ፊቴን ግድግዳው ላይ እንዳስጠጋሁ ነበርኩ። መዞር እችል ነበር፤ ግን ፊቴ በዚያ ሰዓት የሚያደርገውን ለማንም ማሳየት አልፈለግኩም።